የመጋረጃ ሰፊዋ ፊልም

የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ መጋረጃ ያዘዙት ቤታቸው እንዲያምርላቸው ብለው አልነበረም።

«ድርብ ይሁን፤ ገበሩም ጥቁር ይሁን» አሉ ሳሎኑ መካከል ቆመው። «ጫፍና ጫፉ ከግድግዳው ይጠጋ። ቀዳዳ የሚባል ነገር እንዳላይ።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መስኮቶቹን ለካች። ስድስት ናቸው። እውነተኛ ስሟን የስፌት ቤቱ ሰው ከረሳው ቆይቷል። ቀጭን ስለሆነችና ነገር ሲመጣባትም ወጋ ማድረግ ስለምትወድ «መርፌ» ብለው አወጡላት፤ እሷም ለምዳው በዚያው ጸና።

«እትዬ፣ በዚህ ጨርቅ እኮ ፀሐይም አትገባም።»

«ይሁን። እኔ የምፈራው ፀሐይን አይደለም።»

መርፌ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ዳይሬክተሯ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት የመሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ በሰፈሩ ሲያልፉ ጎረምሳው ሁሉ እጁን ከኪሱ ያወጣል። እኚህ ሴት ይፈራሉ?

በሦስተኛው ቀን የተሰፉትን መጋረጃዎች ይዛ ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፊት ለፊታቸው በሩ ሥር ጥንድ የወንድ ጫማ አለ።

«ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጫማው የእሱ ነው። ሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ጠዋት ስነሣ ግን እዚህ አገኘዋለሁ። ክሩ ተፈቶ፣ አፉ ወደ ውጭ ዞሮ። ቁልፍ ሦስት ጊዜ አስቀየርኩ። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ወይ ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው ይኖራል፣ ወይ አእምሮዬን እያጣሁ ነው። የትኛው እንደሚሻል እኔ እንጃ።»

«ለልጅዎ አልነገሩትም?»

«ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ሐኪም። በነገርኩት ማግስት እጄን ይዞ ከዚህ ቤት ያወጣኛል። እኔ ደግሞ ከዚህ ቤት በእግሬ አልወጣም።»

ለምን ለእሷ እንደነገሯት ሁለቱም አላወቁም። አንዳንዴ ሰው ለቅርቡ የማይለውን ለመንገደኛ ይላል። መርፌ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«እትዬ፣ የዚች ስልክ ዓይን ከእኔ ዓይን ይሻላል። ዛሬ እዚህ ትደር።»

ዳይሬክተሯ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ተነሥተው ከመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አነሡና ክፍተቱን በጣታቸው አሳዩዋት።

«እዚህ።»

በማግስቱ ጠዋት ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀረጻውን አዩት። ለረጅም ጊዜ የሚታየው ባዶ ኮሪደር ብቻ ነበር። መርፌ በጣቷ ወደፊት እየገፋች ሳለ ዳይሬክተሯ ክንዷን ጭምድድ አድርገው ያዙ። የመኝታ ቤቱ በር ተከፍቷል። አንዲት ሴት በሌሊት ልብስ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። ዓይኗ ተገልጧል፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። ሳጥኑን ከፈተች፣ ጫማዎቹን አወጣች፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ክራቸውን ቀስ ብላ ፈታታች። በሩ ሥር አስቀመጠቻቸውና መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች።

«ዛሬ እንኳ ቶሎ ና» አለች። ተመልሳም ገባች።

ዳይሬክተሯ ስልኩን ተቀብለው ደግመው አዩት።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ራሴን ነው በይኛ!»

ሳቁ። ሳቁ ግን አላልቅ ብሎ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። በቀብሩ ዕለት ተማሪዎቼ እያዩኝ አላለቅስም ብለው እንባቸውን ውጠው ነበር፤ የዋጡት ያን ዕለት ወጣ። መርፌ ጀርባቸውን ደገፍ አድርጋ ያዘች።

ሲረጋጉ ፊታቸውን ጠረጉና ጠየቋት። «ከመጋረጃ ሌላ ምን ትወጃለሽ?»

«ፊልም መሥራት። በዚችው ስልክ። የሚያስፈራ፣ ግን ጭራቅ የሌለበት። ሰው የገዛ ልቡን የሚፈራበት።»

«እንግዲህ ታሪኩ ይኸውልሽ። ድርሰት ሳርም የኖርኩ ነኝ፤ ጥሩ ታሪክ ሳገኝ አውቀዋለሁ። ሥሪው። ስሜ ብቻ አይነሣ። ልጄም ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል እንዳይሰማ።»

«እማዬ ትሙት፣ አልናገርም።»

«ቀረጻውን ግን አታጥፊው። ነገ ራሴ እንዳልክደው።»

መርፌ ያን ቀን ወደ ስፌት ቤት የተመለሰችው በእግሯ ነው። በሕይወቷ ማንም ይህን ያህል አምኗት አያውቅም፤ ደስታውም ክብደቱም አንድ ላይ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ነበር።

*

ልጃቸው የመጣው የመጨረሻው መጋረጃ ሲሰቀል ነው። መርፌ መሰላል ላይ ቆማ፣ አራት ቀለበት በጥርሷ ይዛ ከዘንጉ ጋር ትታገላለች።

«መሰላሉ ይነቃነቃል እኮ» አለ አንድ ድምፅ ከበታቿ።

አፏ ሙሉ ስለሆነ «እህ» ብቻ አለች። እሱ መሰላሉን ያዘላት። ወደ ታች ስታይ ወደ ላይ ያያል። ዘወር ብላ ጥቂት ቆይታ ስታይ አሁንም ያያል። ከቀለበቶቹ አንዷ ከጥርሷ አመለጠችና ግንባሩ ላይ አረፈች።

በሳምንቱ ስፌት ቤት መጣ፤ የዓይን ክሊኒክ አለው፣ ለክሊኒኩ መጋረጃ ፈልጎ ነው። በሳምንቱ «አጠረ» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ «ረዘመ»። በአራተኛው ጊዜ፣ ስፌት ቤቱ ሁሉ «እቴጌ ካውያ» የሚላት ተኳሿ ሴት ካውያዋን አቁማ ወገቧን ያዘች።

«ዶክተር፣ ሜትር ማንበብ ካቃተዎት፣ ዓይን የሚያይ ሰው አያውቁም?»

የስፌት መኪኖቹ ሁሉ በሳቅ ቆሙ። ሐኪሙ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቢሆንም አልሸሸም፤ መርፌን አያት።

«የመጣሁት ለመጋረጃ አይደለም።»

«እሱንማ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቀናል» አለች መርፌ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ። ልቧ ግን ከመኪናዋ ፔዳል በላይ ይመታ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ስፌት ቤቱ ሲዘጋ ፊልሙን ይሠሩ ጀመር። ስሙ «ማን ገባ?» ነው። ብቻዋን የምትኖር አንዲት ሴት በየጠዋቱ ቤቷ ውስጥ አንድ ነገር ከቦታው ተነሥቶ ታገኛለች። ቁልፍ ትቀይራለች፤ ጎረቤት ትጠረጥራለች፤ ግድግዳ ታዳምጣለች። ሌሊቱን የሚሠሩት በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ጥቁር ገበር በመስኮቱ ላይ ሲዘረጋ ቀኑ ሌሊት ይሆናል። መርፌ ስልኳን በመተኮሻ ጣውላ ላይ በፕላስተር አጣብቃ፣ ጣውላውን በክር ጥቅሎች ላይ እያንከባለለች፣ ኮሪደሩን እንደ ድመት እየተከተለች ትቀርጻለች። ሐኪሙ የእጅ ባትሪ በነጭ ሻሽ ሸፍኖ መብራት ይይዛል። ባለታሪኳ እቴጌ ካውያ ነች።

«ፍሪ» ትላታለች መርፌ።

«ምኑን ልፍራ? እኔ የባሌን እናት ዘጠኝ ዓመት የቻልኩ ሴት ነኝ!»

«እንግዲያው እሳቸው ከበሩ ኋላ ቆመዋል ብለሽ አስቢ።»

እቴጌ ካውያ በሩን ዞራ አየች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ስልኩ ያዘው። ሐኪሙ እንኳ መብራቱን ይዞ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

መጨረሻውን ግን ለእሱ አልነገረችውም። የመጨረሻውን ትዕይንት ከእቴጌ ካውያ ጋር ብቻዋን ቀረጸችው።

«ከእኔም ትደብቂያለሽ?» አላት፣ የወደቀ ክር ከትከሻዋ ላይ እያነሣ። እጁ እዚያው ቀረ።

«ከአንተ በተለይ።»

እሱ ቀልድ መሰለው። እሷ እጁ ከትከሻዋ ላይ እንዳይነሣ ብላ ትንፋሿን ያዘች።

*

ከሁለት ወር በኋላ በምሳ ሰዓት ሐኪሙ ለእናቱ ነገራቸው።

«እማዬ፣ የምወዳት ልጅ አለች።»

«ጎሽ! የማን ልጅ ናት?»

«አንቺም ታውቂያታለሽ። መጋረጃችንን የሰፋችው።»

ዳይሬክተሯ ያነሡትን ብርጭቆ ሳይጠጡ መለሱት። «ጥሩ ልጅ ናት» አሉ። «እጇም አንደበቷም ንጹሕ ነው። ግን የኔ ልጅ፣ ጥሩ ሰው ሁሉ ምራት አይሆንም። አባትህ ቢኖር ምን ይል ነበር? ሰዉስ?»

«ሰዉን ተይው። አንቺስ?»

«እኔ አልፈልግም።»

ሐኪሙ ይህን ለመርፌ ሲነግራት «ጊዜ ስጪኝ፣ አሳምናታለሁ» አለ። መርፌ ራሷን ነቀነቀች። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ አንዷን መስኮቷን ለረጅም ጊዜ አየች። ጀርባቸውን ደግፋ ያስለቀሰቻቸው ሴት «አልፈልግም» ብለዋል። ከስድብ የባሰ ነገር እንዳለ ያኔ ገባት።

ክፉው ቀን ግን ረቡዕ መጣ። ፊልሙ አልቆ ቅዳሜ ከሰዓት በስፌት ቤቱ አዳራሽ እንዲታይ ሰው ተጠርቷል። ሐኪሙ ስልኳን ተቀብሎ ፊልሙን ወደ ክሊኒኩ ኮምፒውተር እየገለበጠ ነበር፤ መርፌ ታዛው ሥር ቆማ ከእቴጌ ካውያ ጋር ስለ ወንበር ትነጋገራለች። ተመልሳ ስትገባ በሽተኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ስልኩ ጉልበቱ ላይ ነው። ከስልኩ ውስጥ የምታውቀው ድምፅ ወጣ።

«ዛሬ እንኳ ቶሎ ና።»

መርፌ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ስልኩን ልትወስድ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጣትም።

«የእናቴ ኮሪደር ነው። የእናቴ የሌሊት ልብስ ነው። ከዚያ የፊልምሽን መጨረሻ ከፈትኩት። አንድ በአንድ ያው ነው። እናቴ ታውቃለች?»

«አትጠይቀኝ።»

«ታውቃለች ወይስ አታውቅም? የጠየቅሁሽ አንድ ቃል ነው!»

«አንድ ቃልም ብትሆን የእኔ አይደለችም።»

«ምን ማለት ነው? ተናገሪ እንጂ! የተሳሳትኩ ነገር ካለ ተሳስተሃል በይኝ። እለምንሻለሁ።»

 ልትነግረው የምትችለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን ከተናገረች ግን ከእሱ በፊት ያመኗትን ሴት ልትሸጥ ነው። ያውም ያልፈለጓትን ሴት። መርፌ ይህንንም አሰበች፣ አፏንም ዘጋች።

ሐኪሙ ተነሣ። «ቤቷን ከፍታ ያስገባችሽን ሴት፣ በእንቅልፍ ልቧ! ሌባ እንኳ የሚሰርቀው ዕቃ ነው።»

«ሌባ አልከኝ?»

 ቃሉን መመለስ ይችል ነበር፤ አልመለሰውም። መርፌ ስልኳን ከእጁ ወስዳ ወጣች። መንገዱን እስክትሻገር ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ የት እንዳለፈች፣ ማን ሰላም እንዳላት አታውቅም።

*

ሐኪሙ በማግስቱ እናቱ ዘንድ ሄደ። ቀረጻውን ሊነግራቸው አልቻለም። ሌሊት ሌሊት የሚያደርጉትን ራሳቸው አያውቁም ብሎ አስቧል፤ ማወቁ ደግሞ የሚገድላቸው መሰለው።

«ደስ ይበልሽ እማዬ» አለ ኮቱን ሳያወልቅ። «ትቻታለሁ።»

«ምን አደረገችህ?»

«ሌባ ብያታለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ስለ አንቺ ብዬ ነው ዝም የምለው።»

ዳይሬክተሯ ልጃቸውን አዩት። ዓይኑ ካለመተኛቱ ደፍርሷል። ስለ እኔ? ምን አየ? ወዲያው ገባቸው። የገባቸውን ያህል ግን አፋቸው አልተከፈተም። አንድ ቃል ቢናገሩ ልጁ ያውቃል፤ ዝም ካሉ ደግሞ ያልፈለጉት ጋብቻ በራሱ ጊዜ ፈርሷል። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ልጃቸው ምሳ ሳይበላ ሲወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ዓርብ ጠዋት እቴጌ ካውያ በሩን አንኳኳች። ፖስታ ሰጥታቸው፣ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው አይታቸው፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ሄደች። ለእቴጌ ካውያ ዝም ማለት ከስድብ ሁሉ ይበልጥ የከበደ ስድብ ነው። ውስጡ አንዲት ጥፍር የምታህል የስልክ ሚሞሪ ካርድና ደብዳቤ ነበር።

«ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ። ያን ዕለት አታጥፊው ያሉኝን ቀረጻ ከስልኬ አጥፍቻለሁ። የቀረው በዚች ካርድ ያለው ብቻ ነው፤ ባለቤቱም እርስዎ ነዎት። ፊልሙ ነገ ከሰዓት ሊታይ ሰው ተጠርቷል። ፈቃድ የሰጡኝ ልጅዎን ከማወቄ በፊት ስለሆነ አሁን እንደገና ልጠይቅዎ ብዬ ነው። አዎ የሚል ቃል ካልደረሰኝ አላሳየውም፤ ለሰዉ ተበላሸ ብዬ እመልሰዋለሁ።

ልጅዎ ቀረጻውን አይቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስልኬን ያለ ጥንቃቄ ሰጠሁት። ምንም አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ስለ እኔ የሚያስበውን ያስብ፤ ስለ እርስዎ ግን የሚያስበው መልካም ብቻ ነው።

አሁን እንቅልፍ ይወስድዎታል? እሱን ብቻ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

መርፌ»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የክስም፣ የይቅርታም፣ የልመናም ደብዳቤ ተቀብለዋል። እዚህ ውስጥ ልመና ፈለጉ። ስለ ጋብቻው አንድ መስመር፣ «እባክዎን ያስታርቁን» የሚል አንድ ቃል ፈለጉ። አጡ። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ እንቅልፋቸው ነው።

ደብዳቤውን አጥፈው ደረታቸው ላይ ያዙት። ያፈሩት ለረጅም ጊዜ አልነበረም፤ ግን እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም።

*

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የስፌት ቤቱ ሠራተኞች፣ ደንበኞች፣ የሰፈሩ ወጣቶች ወንበር ተሻሙ። ግድግዳው ላይ አንድም መጨማደድ የሌለበት ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ እቴጌ ካውያ ራሷ ነች የተኮሰችው። ፕሮጀክተሩ ከኋላ ተለኩሷል። ከዳይሬክተሯ ቤት ግን ቃል አልመጣም።

መርፌ ሰዓቱን አየች። በሩን አየች። ከዚያ ወደፊት ወጣች።

«የተከበራችሁ እንግዶቻችን» አለች። እጇን ከኋላዋ ደብቃ ጣቶቿን ትጠመዝዛለች። «ብዙ ሰው መንገድ አቋርጦ ነው የመጣው። በጣም አዝናለሁ። ፊልሙ...»

የኋላው በር ተከፈተ። ዳይሬክተሯ በግራጫ ሙሉ ልብሳቸው ገቡ። ከኋላቸው ሐኪሙ አለ፤ «ዛሬ አንድ ቦታ አድርሰኝ» ብቻ ብለው ነው ያመጡት፤ የት እንደደረሰ ሲገባው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ፊልሙ ምን ሆነ?» አሉ ዳይሬክተሯ፣ ከመጨረሻው መደዳ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። አዳራሹ ሁሉ ሰማቸው። «ምን ትጠብቂያለሽ? ጀምሪ።»

መርፌ አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት። በዓይናቸው አንድ ጊዜ «አዎ» አሏት። መብራቱ ጠፋ።

ለአርባ ደቂቃ ያህል ያቺ ትንሽ ስልክ ያየችውን ሁሉም ሰው አየ። እቴጌ ካውያ በባዶ ቤት ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ስትራመድ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ተያያዙ። አንድ ጎረምሳ ሊያፌዝ «እኔ ነኝ የገባሁት!» አለ፤ ወዲያው በሩ ሲጢጥ ሲል ጎኑ ያለውን ሰውዬ አቀፈ። ባለታሪኳ ስልኳን ደብቃ አስቀምጣ በነጋታው ቀረጻውን ስታይ፣ ያ የሚያስፈራት ሰው ራሷ መሆኗን፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች የምትሠራው ክፋት ሳይሆን የሞተ ባሏን መጠበቅ መሆኑን ስትረዳ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። የመጨረሻው ምስል የእቴጌ ካውያ ፊት ነበር፤ መጀመሪያ ፍርሃቱ ከፊቷ ላይ ሲወርድ፣ ከዚያ ልቅሶው ሲመጣ። ዘጠኝ ዓመት አማቷን የቻለችው ሴት በሕይወቷ ለማንም ያላሳየችውን ፊት ለስልክ አሳይታ ነበር።

መብራቱ ሲበራ ማንም አላጨበጨበም። ሰዉ ዓይኑን ይጠርጋል።

ዳይሬክተሯ ተነሡ። ድሮ በተሰለፈ ተማሪ ፊት ይቆሙ እንደነበረው ቆሙ።

«ይቺ ሴት እኔ ነኝ» አሉ።

ጉርምርምታው ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

«በእንቅልፌ የምሄደው እኔ ነኝ። ሌባ ገባ ብዬ ቁልፍ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። ስልኩ የት እንደሚቀመጥ በጣቴ ያሳየሁት፣ ታሪኩን ውሰጂና ሥሪው ያልኩት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ ቃል ያስገባኋትም እኔው ነኝ። ቃሏን ጠበቀች። የሚያስከፍላትን እያወቀች ጠበቀች።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ። «ሌባ ብለሃት ከሆነ፣ ሌባዋ ሌላ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ የልጅቷን ስም የሰረቅሁት እኔ ነኝ።»

«እማዬ...»

«ልጨርስ። አልፈልግም ያልኩህ ንቄያት መስሎህ ነበር። ለራሴም እንደዚያው ነበር የነገርኩት። ውሸት ነው። ስትመጣ፣ ስትሄድ፣ ያቺን የሌሊቷን ሴት ያየ ዓይን ቤቴ ውስጥ እንዲኖር ፈራሁ። አሁን ይኼው፣ ሁላችሁም አያችኋት። አልሞትኩም።»

ከመካከል አንዲት አሮጊት ተነሡ። «እኔም ለሟቹ ወንበር እስብለታለሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ መልሰውም ተቀመጡ። ጭብጨባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ አላቆም አለ።

መርፌ አልሰማችውም። ወደ ጓዳው ገብታ በጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሐኪሙ ተከትሏት ገባ፤ በሩ ላይ ቆመ።

«የዓይን ሐኪም ሆኜ...» ብሎ ጀመረ።

«እንዳትጨርሳት። ያቺን ቀልድ እቴጌ ካውያ ቀድማሃለች።»

ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ምንም የምለው የለኝም። ይቅርታ ማለት ራሱ ያሳፍረኛል።»

«ቀረጻውን አይተህ መናደድህ አልከፋኝም» አለች። እስካሁን ያላወጣችው እንባ አሁን በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። «እናቱን የሚወድ ሰው ይናደዳል። ግን ያን ሁሉ እሑድ አብረኸኝ ውለሃል። ዝም ስል ፊቴን ብታየው ኖሮ፣ ደብቃ ሳይሆን ተሸክማ ነው ትል ነበር። አንተ ግን ፊቴን አላየኸኝም። ስልኩን ነው ያየኸው።»

«ልክ ነሽ።»

«ሌባ የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው ሁሉ አፍ ብሰማው እችለው ነበር።»

«ልክ ነሽ። ልመልሰው ብዬ ሦስት ቀን አፌ ላይ ዞረ። ቃል ለካ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ቆይ ካልሽኝ ግን፣ ዝም ባልሽ ቁጥር አጠገብሽ ዝም ብዬ መቀመጥ እማራለሁ።»

ዝም አለች። ልትፈትነው ሳይሆን፣ የምትለው ስላልነበራት። እሱም አጠገቧ ካለው የጨርቅ ጥቅል ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም። ውጭ ወንበር ይጎተታል፤ እቴጌ ካውያ ለሦስተኛ ጊዜ «ያ ፊት እንዴት እንደመጣልኝ ልንገራችሁ» ስትል ይሰማል። ጊዜው ረዘመ። መርፌ ከእንባዋ መካከል ሳቀች።

«ዛሬ ይቅር አልልህም» አለች።

«እሺ።»

«ነገም የምል አይመስለኝም።»

«እሺ። ከነገ ወዲያ መጥቼ እጠይቃለሁ።»

«መጋረጃ አጠረ ብለህ እንዳይሆን።»

በሩ ተንኳኳ። ዳይሬክተሯ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሳያንኳኩ የከፈቱ ሴት አሁን ከደጅ ቆመው ፈቃድ ይጠብቃሉ።

«ጥያቄሽን ሳልመልስልሽ ቀረሁ» አሏት። «ካንቺ ጋር ካለቀስኩ ወዲህ ብዙውን ጊዜ ይወስደኛል። ከትናንት ወዲያና ትናንት ብቻ አልወሰደኝም፤ እሱም ያንቺ ነገር ነው።» ትንሽ አመነቱ። «ነገ ምሳ እኔ ዘንድ ነሽ። በእንግዳ ወንበር። እምቢ ብትዪኝም አልቀየምሽም።»

መርፌ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «እመጣለሁ እትዬ። የጠሩኝ ግን እርስዎ ነዎት። እሱ አልጠራኝም።»

«እሱ ሳህን ያጥባል» አሉ ዳይሬክተሯ።

ሦስቱም ተከታትለው ወጡ። መንገዱ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ገና ሞቅ ይላል፤ ከአዳራሹ የወጣው ሰው እየዞረ ያያቸዋል። ሐኪሙ እንደ ልማዱ ክንዱን ለእናቱ ዘረጋ። ዳይሬክተሯ አዩትና አለፉት፤ ዞረው የመርፌን ክንድ ያዙ። እንዲህ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት እንዲህ መደገፍ ይችላሉ ብላ አስባ አታውቅም። እርምጃዋን ከእርምጃቸው ጋር አስተካከለች። ከኋላቸው የሚከተላትን የእግር ኮቴ ትሰማለች፤ አልዞረችም፣ ግን እንዳይርቅ ብላ ቀስ አለች። ደረቷ ውስጥ ከረቡዕ ጀምሮ ተቋጥሮ የከረመው ነገር በየእርምጃው አንድ አንድ ይፈታ ጀመር።